ስማችሁ ያልተጻፈበት መዝገብ እንዴት ይገኛል? (ልደታ ወርደን ስንመለስ…)

ልደታ ሲባል ገሚሳችሁ ትዝ የሚላችሁ የግንቦት ልደታ ንፍሮና ቡና ነው፡፡ ገሚሳችሁ ደግሞ ኮንዶሚኒየሙ ወይ ባቡር ጣቢያው ይመጣባችኋል፡፡ ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው ግን ‹‹ልደታ›› ሲሉት ፊቱ ይቀየራል፡፡ በአዲስ አበባ አፍ ‹‹ነገ ልደታ ነኝ›› ያለ ሰው ማርያምን ሊሳለም ነው ብላችሁ እንዳትሸኙት፤ ቀጠሮ አለበት ማለት ነው፡፡

እኔ ሰሞኑን ልደታ የወረድኩት ተከስሼም ከስሼም አይደለም (ጠላት ይክሰስ!)፡፡ አንዲት ጓደኛዬን ይዤ ነው፡፡ ልጅቱ 24 ዓመቷ ነው፤ ክፍለ ሀገር እናቷ ጋ ነው ያደገችው፡፡ አባቷ በ2008 ዓ.ም. ሲያርፍ ገና ተማሪ ነበረች፡፡ አባቷ ትቶት በሄደው ቤት አጎቷ ይኖርበታል፡፡ ‹‹አይዞሽ፣ ሲሸጥ ድርሻሽ አለ›› እያላት ኖረ፡፡ በቅርቡ ግን አንድ የሰፈር ሰው ‹‹ያ ቤት እኮ ክስ አለበት›› ብሎ ጆሮዋ ላይ ጣል አደረገና ሄደ፡፡ የማን ክስ? የት? የመዝገብ ቁጥሩስ? ምንም የለም! በእጇ ያለው ሁለት ስም ብቻ ነው፤ የአባቷና የአጎቷ፡፡

እንግዲህ እናንተም አንድ ቀን ቤት ልትገዙ፣ ውርስ ልትካፈሉ፣ ከአንድ ሰው ጋር ንግድ ልትጀምሩ ስትሉ ይኸው ጥያቄ ይመጣባችኋልና ጉዟችንን ተከተሉን፡፡

ከሜክሲኮ ወደ ልደታ ስትጠጉ ፍርድ ቤቱን ሳታዩት ትለዩታላችሁ፡፡ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይበዛል፡፡ ‹‹ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ ማመልከቻ እንጽፋለን›› የሚል ማስታወቂያ ይደረደራል፡፡ ሰዉ ሁሉ ወረቀት ይዟል፡፡ እኔ ቆሜ ሳይ የታዘብኩት፣ አዲስ ባለጉዳይ ወረቀቱን በአዲስ ክላሰር ነው የሚይዘው፤ ነባሩ ደግሞ በተጣጠፈ ፌስታል! ፌስታሉ ያረጀ ባለጉዳይ ካገኛችሁ ሻይ ጋብዙትና ጠይቁት፤ የትኛው መስኮት ምን እንደሚሠራ ከማንም በላይ ያውቃል፡፡ በሩ አካባቢ ‹‹እኔ አስፈልግልሻለሁ›› የሚሉ ጉዳይ ገዳዮች ግን አይጠፉም፡፡ ለእነሱ ስም እንኳ አትንገሩ፡፡

ከመግባታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እወቁ፤ የአዲስ አበባ የፍትሐ ብሔር መዝገብ በአንድ ጣሪያ ሥር አይቀመጥም፡፡ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ግምቱ ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ የሆነ ክርክር በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይጀመራል፤ ከዚያ በታች ያለው የመጀመሪያ ደረጃው ነው፡፡ (ድሮ በአዋጅ 25/1988 ጊዜ ወሰኑ 500 ሺህ ብር ነበር፡፡ የቆየ መዝገብ የምትፈልጉ ይህን ልብ በሉ፤ የዚያን ጊዜ 600 ሺህ ብር የሚያወጣ ቤት ክርክሩ ከፍተኛው ጋ ነው የሚገኘው፡፡) የመጀመሪያ ደረጃው ደግሞ ልደታ ብቻ አይደለም፤ ቦሌ፣ አራዳ፣ ቂርቆስ፣ የካ እያለ በየምድቡ ተበትኗል፡፡ የወራሽነት ማስረጃ፣ የስም ለውጥ፣ የሞግዚትነት ነገር ከሆነና ክርክር ከሌለበት የአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤቶች ነው፤ ሕዝቡ ‹‹ከተማ ነክ›› የሚላቸው፡፡ ሁለቱም ወገን ወደው ሸሪዓ ፍርድ ቤት የተስማሙበት የጋብቻና የውርስ ጉዳይ ደግሞ እዚያ ይፈለጋል፡፡

እኛ የተወራው ‹‹ክስ›› ስለሆነ ከልደታ ጀመርን፡፡ መጀመሪያ የማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ቆምን፡፡ የዕለቱ ቀጠሮ እዚያ ይለጠፋል፤ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ መዝገብ ቁጥር፣ ችሎት፡፡ ማንም ‹‹ለምን ታያለህ?›› አይልም፡፡ የእኛ ስም አልነበረም፤ ቀጠሮው በዚያ ቀን ካልዋለ መቼስ አይኖርም፡፡ ወደ ሬጅስትራር መስኮት ሄድን፡፡

ኮምፒውተሩ ጋ ያለችው ልጅ ትሁት ነበረች፡፡ የአባትየውን ስም ጻፈች… የለም፡፡ የአጎትየውን… የለም፡፡ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል፡፡ አትመለሱ! መጀመሪያ ፊደሉን ቀያይሩ፡፡ የእኛ አገር ‹‹ፀሐይ›› በጸሎቱ ጸ ይጻፋል፣ በፀሐዩ ፀ ይጻፋል፤ ‹‹ኃይሉ›› በሦስቱም ሀ ይጻፋል፤ ‹‹ሠ›› እና ‹‹ሰ››፣ ‹‹አ›› እና ‹‹ዐ›› እንደ ጸሐፊው እጅ ነው፡፡ ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለማሽኑ ግን ሌላ ሰው ነው፡፡ ‹‹ገብረ ማርያም›› ተያይዞ፣ ተለያይቶ፣ ‹‹ገ/ማርያም›› ተብሎም ይገባል፡፡ ቤተሰብ ብዙ ዓመት የሚጠራበት ስም ሌላ፣ መታወቂያው ላይ ያለው ሌላ የሆነም ሞልቷል፡፡

ዋናው ቁልፍ ግን አንዲት ትንሽ ቃል ናት፤ ‹‹እነ››፡፡ ተከሳሾቹ 2 ወይም 5 ከሆኑ ብዙ ጊዜ ከመዝገቡ ፊት የሚወጣው የመጀመሪያው ሰው ስም ብቻ ነው፤ ‹‹እነ አቶ እገሌ (5 ሰዎች)›› ተብሎ፡፡ የምትፈልጉት ሰው ከ‹‹እነ›› ጀርባ ተደብቆ ሊሆን ይችላል! ስለዚህ የሚስቱን፣ የወንድሙን፣ የእህቱን፣ የሸሪኩን ስም ይዛችሁ ሂዱ፡፡

ጓደኛዬ ትንሽ አሰበችና የአጎቷን ሚስት ስም ነገረቻት፡፡ ወጣ! ‹‹እነ ወ/ሮ እገሊት (2 ሰዎች)››፡፡ አጎትየው ሁለተኛ ተከሳሽ ነው፡፡

ቁጥሩን ማግኘትና መዝገቡን ማንበብ ለየቅል ናቸው፡፡ ተከራካሪ ካልሆናችሁ ‹‹ምን አገባችሁ?›› ትባላላችሁ፤ መባሉም ልክ ነው፡፡ የሰው ፍቺ፣ የሰው ልጅ ጉዳይ እንደ ጋዜጣ አይገለጥም፤ በዝግ ችሎት የታየ ነገር ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፡፡ ስለዚህ አጭር ማመልከቻ ይጻፋል፤ ማን እንደሆናችሁ፣ በጉዳዩ ምን ጥቅም እንዳላችሁ፣ መዝገቡን ለማየትና ግልባጭ ለመውሰድ እንደምትጠይቁ፡፡ መታወቂያና የዝምድና ማስረጃ ይያያዛል፡፡ ጓደኛዬ የልደት ሰርተፊኬቷን ይዛ ነበርና ተፈቀደላት፡፡

አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን አነበብን፡፡ ከሳሹ ቤት ገዢ ነው፤ ከባልና ሚስቱ ጋር ተዋውሎ ቀብድ ከፍሏል፣ ቤቱን ግን አላስረከቡትም፡፡ ቤቱ ተሽጧላ! ‹‹ሲሸጥ ድርሻሽ አለ››…

እዚህ ላይ አንድ የምመክራችሁ ነገር አለ፡፡ መዝገብ ስታነቡ ከክሱ ይልቅ ‹‹አባሪ›› የሚለውን በደንብ እዩ፡፡ መዝገብ መዝገብን ይጠራል፡፡ ሻጮቹ ‹‹ቤቱ የእኛ ነው›› ለማለት ያያያዙት ወረቀት አንድ የወራሽነት ማስረጃ ነበር፤ አናቱ ላይ የከተማ ነክ ፍርድ ቤት መዝገብ ቁጥርና ቀን አለ፡፡ በነጋታው እዚያ ምድብ ሄድን፡፡ ቁጥር ይዞ የሄደ ሰው ፊደል አይቀያይርም፤ መዝገቡ በ20 ደቂቃ ወጣ፡፡

ስስ ናት፣ 11 ገጽ፡፡ ማመልከቻ፣ የሞት ማስረጃ፣ የምስክሮች ቃል፣ ውሳኔ፡፡ ‹‹ሟች ሚስትም ልጅም የለውም፤ ብቸኛ ወራሹ ወንድሙ ነው›› ይላል፡፡ ሦስት ምስክር ተሰምቷል፡፡ መጨረሻው እንደ ልማዱ ‹‹መዝገቡ ተዘግቷል፣ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ›› ነው፡፡ ተዘግቶ ስንት ዓመት ተቀምጧል መሰላችሁ? ማንም ስላልጠየቀው፡፡

ልጅቱ አላለቀሰችም፡፡ ‹‹ልጅም የለውም›› የምትለውን መስመር በጣቷ ይዛ ዝም አለች፡፡

በኋላ ጠበቃ ያስረዳንን ባጭሩ ላካፍላችሁ፡፡ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 መሠረት፣ መብቱ ተነክቶ ሳለ በክርክሩ ያልተካፈለ ሰው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ውሳኔውን ለሰጠው ፍርድ ቤት መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል፡፡ ገና በቀጠሮ ላይ ባለው የልደታው መዝገብ ደግሞ በቁጥር 41 ጣልቃ ገብ ሆኖ መግባት አለ፡፡ ጊዜው ግን አይጠብቅም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 የወራሽነት ክስ ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በ3 ዓመት ይታገዳል፡፡ ‹‹መቼ አወቀች?›› የሚለው ራሱን የቻለ ሙግት ነው፤ ለዚህም ነው መዝገቡን ያየችበት ማመልከቻ ከነቀኑና ከነማኅተሙ ቦርሳዋ ውስጥ ያለው፡፡

ቤት ለመግዛት የምታስቡ፣ የሻጩን ስም ብቻ ሳይሆን የትዳር ጓደኛውንም አስፈልጉ፡፡ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ቤት ያለሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፡፡ እግድ መኖር አለመኖሩን ደግሞ ይዞታ አስተዳደር ከካርታው ማህደር ጠይቁ፤ የፍርድ ቤት እግድ እዚያም ይደርሳልና፡፡ ከነሐሴ እስከ መስከረም ግን ባትለፉ ይሻላል፤ ፍርድ ቤቱ በከፊል ዝግ ነው፣ የምታገኙት ተረኛ ችሎት ነው፡፡

ጓደኛዬ የሁለቱንም መዝገብ ግልባጭ አውጥታለች፡፡ በየገጹ ‹‹ትክክለኛ ግልባጭ›› የሚል ማኅተም አለው፡፡ መቃወሚያው ገብቷል፤ ቀጠሮዋ ከጥምቀት በኋላ ነው፡፡ ከሦስቱ ምስክሮች ሦስተኛዋ፣ ልጅቱ ለክረምት አባቷ ጋ ስትመጣ ጸጉሯን ትሠራላት የነበረች ጎረቤት ናት፡፡ ታክሲ ስንጠብቅ የጠየቀችኝ ስለ ቤቱ አይደለም፡፡ ‹‹እሷንም ይጠሯት ይሆን?›› ነው ያለችኝ፡፡