ከአረርቲ ግቢ እስከ አራተኛ ፎቅ



ለዐረፋ በዓል እናታችንን ይዘን ከአረርቲ ተነሣን። ጤፍ ቋጥረን፣ በሞጆ በኩል አድርገን አዲስ አበባ ገባን። ኮንዶሚኒየም የደረሳት እህታችን የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። እናታችን እያረፉ ወጡ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ግድግዳውን ይዘው «ልጄ፣ ቤቱ ሰማይ ላይ ነው እንዴ?» አሉን። ከዚያ ወዲያ ለሳምንት አልወረዱም።

ኮንዶሚኒየምን ማማረር ለሁሉም ቀላል ነው። በ1996 ዓ.ል. ሥራው ሲጀመር ንድፉን ያወጡት ባለሙያዎች ግን የሀገሩን ኑሮ አልዘነጉም። ወጪ ለመቀነስ ወለሉን አስቀድሞ በተሠራ ቢምና ክፍት ብሎኬት አነጠፉት። በየግቢውም እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት አቆሙ፤ ሰዉ «ኮሚናል» ይለዋል። ኡድሂያ ለሚያርድ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ነበር ያልነው፣ በሄድንበት ግቢ ኮሚናሉ ዕቃ ታጭቆበት ተቆልፎ ስላገኘነው ነው። በጋችንን መኪና ማቆሚያው ዳር አረድን፤ ደሙን ለማጠብ ውኃ በጀሪካን አመላለስን።

በየመን ሐድረመውት የምትገኘውን ሺባምን አሰብን። ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የተሠሩ የጭቃ ጡብ ፎቆች ያሉባት የሙስሊሞች ከተማ ናት፤ ዩኔስኮ በ1982 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ምድር ቤቱ ለእህልና ለከብት ነው፤ ቤተሰቡ ከላይ ይኖራል። በላይኞቹ ፎቆች ላይ ደግሞ አንዱን ቤት ከሌላው የሚያገናኙ በሮች ስላሉ ሴቶችና አዛውንቶች መንገድ ሳይወርዱ ይጠያየቃሉ። ጂብሪል የጎረቤትን ሐቅ እየደጋገሙ ሲያሳስቧቸው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሊያወርሱት ነው ብለው እስኪያስቡ መድረሳቸውን የሚያውቅ ሰው፣ እነዚያን በሮች ጭቃና እንጨት ብቻ ናቸው አይልም።

አረርቲም ወደ ላይ ማደጓ አይቀርም። ያን ጊዜ ምድር ቤቱ ሁሉ ለሱቅ ከተከራየ አዛውንቶቻችን የት ሊቀመጡ ነው? እኛ ቢጠይቁን የታችኛው ቤት መጀመሪያ ለእነርሱ ይሁን እንላለን።

በአራተኛው ቀን ፊት ለፊት ያሉት ክርስቲያን እናት በረንዳው ላይ ቡና አፍልተው እናታችንን ጠሩ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ተጠራሩ። ተመልሰን አረርቲ ስንገባ እናታችን ዱካቸውን ደጃፍ አውጥተው ተቀመጡ። ጤፉ፣ ግቢው፣ ዶሮዎቹ ሁሉም እንደነበሩ ነው። ትንሽ ቆይተው ግን «የዚያችን ሴትዮ ስልክ ይዘሃል?» ሲሉ ጠየቁን።