በሳጋዳ የት ይበላል?

በሰሜን ፊሊፒንስ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኘው ሳጋዳ ነዋሪዋ ከ11 ሺህ ብዙም የማይበልጥ አነስተኛ የተራራ ከተማ ናት። ከማኒላ ማታ በአውቶቡስ የተነሣ መንገደኛ የሚደርስባት በማግሥቱ ጠዋት ነው። ጎብኚው ያን ሁሉ መንገድ የሚጓዘው በገደል ላይ የተሰቀሉትን የሬሳ ሣጥኖች፣ ሱማጊንግ የተባለውን ትልቅ ዋሻና የሩዝ እርከኖቹን ለማየት ነው። የኮንሶን እርከን ያየ ሰው የእነዚህን ገበሬዎች ድካም ለመገመት አያዳግተውም። ስለ ሣጥኖቹና ስለ ዋሻው ብዙ ስለተጻፈ እዚህ አልደግመውም። በዚህ ዓምድ ላነሣ የፈለግሁት ወደዚያ የሚወጣ ሰው ሁሉ፣ ይልቁንም እንደ ብዙዎቻችን የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው፣ ገና አውቶቡስ ላይ ሳለ የሚያሳስበውን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የምግብ ነገር ነው።

ምግብ ቤት የለም ማለቴ አይደለም። በዋናው መንገድና በአካባቢው በጎብኚዎች ዘንድ ለብዙ ዓመታት ስማቸው የታወቀ ቤቶች አሉ። በእርጎውና በፍራፍሬው የሚታወቀው ዮገርት ሃውስ፣ የሎሚ ኬክ የሚሸጠው ሌመን ፓይ ሃውስ፣ ሎግ ካቢን የተባለው የእንጨት ቤት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የማስፌሬ ቤተሰብ ስም የያዘም ማረፊያ አለ። ኤድዋርዶ ማስፌሬ እ.ኤ.አ. በ1909 እዚያው ሳጋዳ ከስፔናዊ አባትና ከአገሬው እናት ተወልዶ፣ የተራራውን ሕዝብ ኑሮ በፎቶግራፍ ሲያነሣ የኖረና እ.ኤ.አ. በ1995 ያረፈ ሰው ነው።

ነገር ግን ከእነዚህ ቤቶች በአብዛኞቹ ምግብ ተሠርቶ አይጠብቅም። ቤቶቹ ትናንሽ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ እናት ታበስላለች፣ ልጅ ታቀርባለች። ስለዚህ ልማዱን የሚያውቅ ሰው የማታ ራቱን ጠዋት አዝዞ ወደ ጉብኝቱ ይሄዳል። የማያውቀው ደግሞ ከዋሻ ረጥቦና ደክሞ ተመልሶ፣ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ሲል ይመሻል።

ሁለተኛው ችግር የእኔ ብጤው ችግር ነው። የሳጋዳ ሰዎች ካንካናኤይ ይባላሉ። የሚኮሩባቸው ምግቦች ሁለት ናቸው። አንዱ ኤታግ ነው፤ የአሳማ ሥጋ በጨው ታሽቶ፣ በፀሐይ ወይም ከምድጃ በላይ በጢስ ደርቆ የሚቀመጥ ነው። በእኛ ቋንጣ ልንመስለው እንችላለን፤ ብቻ ሽታው እጅግ የበረታ ነው። ሾርባውም፣ ባቄላውም፣ ቅጠላ ቅጠሉም በእሱ ይጣፍጣል። ሁለተኛው ፒኒክፒካን የተባለው የዶሮ ወጥ ነው። ዶሮው በሕይወት ሳለ ክንፉና አንገቱ በዱላ ቀስ እየተባለ ይመታል፤ ይህም ደሙ ወደ ሥጋው እንዲወጣ ነው ይላሉ። ከዚያ ራሱን ተመትቶ ይሞታል፣ ላባው በእሳት ይለበለባል፣ ከኤታግ ጋር ይቀቀላል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የፊሊፒንስ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ እንስሳትን ማሠቃየት ሲከለክል፣ የነባር ሕዝቦችን የሥርዓት ዕርድ ለይቶ ፈቅዷል። ለምግብ ቤት ገበታ የሚመታው ዶሮ በዚህ ፈቃድ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ሲያከራክር ኖሯል። በበኩሌ ሰው አገር ሄጄ ፈራጅ ለመሆን አልፈለግሁም፤ ያልታረደ ግን አልበላም።

ያረፍሁት ክፍል በሚያከራዩ አንዲት ዕድሜያቸው ከስድሳ ባለፈ እናት ቤት ነበር። ማናንግ እያልሁ እጠራቸው ነበር፤ እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። አሜሪካውያን የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1904 መጥተው ትምህርት ቤት ስለከፈቱ በሳጋዳ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ብዙ ነው። ከማናንግ ጋር ያግባባንም እሱ ነው።

የደረስሁት ረቡዕ ቀን ነው። ማናንግ ለራት ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። አሳማ እንደማልበላ ነገርኋቸው።

«እንግዲያው ዶሮ ይሠራልሻል» አሉ።

በቢላ ካልታረደ እንደማልበላ፣ ደግሞም ረቡዕ ስለሆነ ዶሮውም ቀርቶ እንቁላልና ወተት እንደማልቀምስ ስነግራቸው ምድጃው አጠገብ ቁጭ አሉ።

«ልጄ፣ ታዲያ እስከ ዛሬ በምን ኖርሽ?»

የእኛን የጾም ገበታ ዘረዘርሁላቸው፤ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ሽሮውን። አዳምጠው ሲያበቁ ሳቁ። «ይህማ እኔ ያደግሁበት ነው» አሉኝ።

ያን ማታ ካጫወቱኝ ነገር ለአንባቢያን የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር አገኘሁ። ዛሬ ጎብኚው በየምግብ ቤቱ «የአገሩን ምግብ» ብሎ የሚያዝዘው ኤታግና ፒኒክፒካን ቀድሞ የዘወትር ምግብ አልነበረም፤ የሠርግ፣ የተዝካርና የመከር በዓል ምግብ ነበር። አሳማ የሚታረደው ለድግስ ሲሆን፣ ሥጋውም ዋትዋት እየተባለ ለየቤቱ ይከፋፈላል። ቅርጫ ለምናውቅ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱ ዋትዋት ገንዘብ የማይዋጣበት መሆኑ ነው። በአዘቦቱ ቀን የሚበላው ስኳር ድንች፣ የስኳር ድንች ቅጠል፣ ባቄላና ሩዝ ነበር። ጎብኚው በየቀኑ የሚበላው እንግዲህ የሰዎቹን ድግስ ነው ማለት ነው። እኔን ጾሜ ከአዘቦቱ ገበታ አስቀመጠኝ።

ማናንግ ማሾ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ሠሩልኝ። ያለ ኤታግ መሥራቱ ቅር ስላላቸው ሦስት ጊዜ ቀምሰው ሦስት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። የስኳር ድንቹ ቅጠል እንደ ጎመን ተቀቅሎ ቀረበ። የተቀቀለው ስኳር ድንችም ነበረ። ከሁሉ በላይ ግን ቀዩ ሩዝ ነው። ፍሬው ወፍራም፣ ሽታው ከተቆላ እህል የሚቀራረብ፣ ያለ ወጥም የሚበላ ሩዝ ነው።

ቀዩን ሩዝ ስናነሣ ነገር ተነሣ። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው እኔን ምስክር ልታደርግ ፈልጋ፣ ጎብኚ ሁሉ ስለዚህ ሩዝ እንደሚጠይቅና ጥሩ ዋጋ እንደሚከፍል፣ እናቷ ግን ለእንግዳ ከቆላ ተገዝቶ የሚመጣውን ነጭ ሩዝ ብቻ እያበሰሉ የራሳቸውን እንደሚደብቁ ተናገረች። እናትየው ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ መለሱ። የተራራው ሩዝ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚደርሰው፤ ከቤተሰቡ እርከን የሚገኘውም ለቤት ቀለብ፣ ለዘርና ለድግስ ታፔይ፣ ማለት ለሩዝ ጠላ፣ ነው። «በሁለት ቅዳሜና እሑድ ይበሉታል» አሉ፤ «ከዚያ እኔ ለዘመዶቼ ሐዘን ምን ይዤ እሄዳለሁ?»

ይህ የቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። «ዛት ቲንግ ኮልድ ታድሃና» የተባለው የፍቅር ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 ተሠርቶ በተከታዩ ዓመት በየሲኒማ ቤቱ ከታየ በኋላ፣ ሳጋዳን ለማየት የሚጎርፈው ሰው እጅግ በዝቶ ነበር። በዓል በሚረዝምበት ሰሞን መንገዱ በመኪና ይዘጋል፣ ውኃ ያጥራል፣ ቆሻሻው ይከመራል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ የሚያድረው የማድቤቱ ሥራ ደግሞ በአብዛኛው የሴት ነው። ልጅቱ ያለችውም እውነት አለው፤ ጠዋት ከማንም በፊት ተነሥታ ውኃ የምትቀዳው፣ አንሶላ የምታጥበው እሷ ናት፤ የልጇንም የትምህርት ወጪ የምትሸፍነው ከእንግዳ በሚገኘው ገንዘብ ነው። እኔ ብጠየቅ ከእናትየው ጋር እቆም ነበር፤ ወጪውን የምሸፍነው ግን እኔ አይደለሁም። ሳልጠየቅ አደርሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ማናንግ ከጓሯቸው የለቀሙትን ቡና በመጥበሻ ቆሉ። ቡናውን ወደዚያ ተራራ ያመጡት በ19ኛው መቶ ዓመት ስፔናውያን ናቸው። ዘሩ አረቢካ፣ ትውልዱም ከእኛ መሆኑን ስነግራቸው ብዙም አልገረማቸውም፤ ስኳር ጨመሩልኝ። በሱቅ ደግሞ የጥርኝ ዘመድ የሆነች አውሬ በልታ የጣለችው ቡና በውድ ዋጋ ይሸጣል። እኛ ከጥርኝ ዝባዱን ወስደን ሌላውን እንተዋለን፤ እነሱ ሌላውንም አልጣሉትም። አልቀመስሁትም።

ቡናው እንዳለቀ ልጅቱ ወጪ ስታሰላ፣ ሩዙን በነጩ ዋጋ ጻፈችው። የቀዩን ልክፈል ብላት፣ ቀዩ ዋጋ እንደሌለው እናቷን አሻግራ እያየች ነገረችኝ።

እንግዲህ ወደ ሳጋዳ የምትሄድ እህት ብትኖር፣ በሥራ ቀን ብትደርስ ይሻላታል። ሻንጣዋን ካስቀመጠች በኋላ ወደ ዋሻው ሳይሆን አስቀድማ ወደ ማድቤቱ ትሂድ፤ የማትበላውን ነገር በግልጽ ትናገር፤ «አሳማ አልበላም» ማለት ብቻ አይበቃምና ሾርባውና ባቄላው በኤታግ እንዳይሠራ ለይታ ታስታውቅ። የማይጾሙ ቀኖች ላይ እርጎውና ብርቱካኑ አሉላት። ራቷንም ቀደም አድርጋ ትብላ፤ ከተማው በጊዜ ይተኛል።