የፊት መታጠቢያና የደጋ ፀሐይ

እንደ ጢቾ ያለ ደጋ አየሩ ለጤና የተመሰገነ ቢሆንም፥ ለፊት ቆዳ ግን የሚራራ አይደለም። ምድሩ ከፍ ባለ ቍጥር የፀሐይ ጨረር ኃይል በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራልና። ብርዱ ፀሐይዋን ስለሚያስረሳ ሰው ፊቱን ሳይከልል ይውላል፤ በገብስ ውቂያ ጊዜ ደግሞ የዐውድማው አቧራና እብቅ ይታከልበታል። ስለዚህ በእናቶቻችንና በእኅቶቻችን ፊት ላይ ማድያት ቢታይ አያስደንቅም።

በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዳችን አንድ የፊት መታጠቢያ አመጣልን። ቪታሚን ሲ የተጨመረበት፥ የሞተውን የቆዳ ሽፋን የሚያነሡ ጥቃቅን ቅንጣቶችም ያሉበት ነው። ብጉር በጕንጯ ላይ ጥቍር ነጠብጣብ ያስቀረባት የ16 ዓመት ልጃችን ይህን ባየች ጊዜ፥ «ታዲያ ያቀላኛል?» ስትል ጠየቀችን። ከመታጠቢያው ይልቅ ጥያቄዋ አሳሰበን፤ ስለዚህም አብረን ልንሞክረው ወሰንን።

በሳምንት ሁለት ቀን፥ ማታ ማታ፥ ለብ ባለ ውሃ በጣታችን ጫፍ ቀስ ብለን እያሸን አንድ ወር ታጠብንበት። አቧራውና ወዙ ለቀቀ፤ ቆዳችንም ለሰለሰ። ነጠብጣቡ ግን እንደ ነበረ ቀረ። አጥብቆ ማሸት ደግሞ የባሰ ነው፤ እንደ እኛ ያለ ቆዳ ሲቈጣ ሌላ ጥቍር ምልክት ያስቀራልና።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቪታሚን ሲ ቆዳን የሚረዳው በላዩ ሲቈይ ሲሆን፥ መታጠቢያ ግን ወዲያው በውሃ ይወርዳል። ከዚህም በላይ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ኃይሉን ያጣል። ሰውነታችን ቪታሚን ሲን ራሱ መሥራት ስለማይችል ቆዳን የሚያጸናውን ሥጋ ለመገንባት የሚያገኘው ከምግብ ነው። የሀንጋሪው ሊቅ አልበርት ሰንት ጆርጂ ይህን ቪታሚን በብዛት ያገኘው በሴጌድ ከተማ ከሚበቅለው በርበሬ ሲሆን፥ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1937 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብርቱካን በጠፋ ጊዜ እንግሊዞች የዱር ጽጌረዳ ፍሬ እየለቀሙ ለሕፃናት ሽሮፕ ያዘጋጁ ነበር። የዚያ ዘመድ የሆነው ቀጋ በደጋችን አጥር ሥር ይገኛል፤ ከውስጡ ያለውን ጠጕራም ፍሬ አራግፎ ሥጋውን መብላት ነው። ጥሬ ቃሪያም ከማዕዳችን አይጠፋም።

የሎሚን ጭማቂ ፊት ላይ ቀብቶ ፀሐይ መውጣት ግን ቆዳን ሊያቃጥልና ሊያጠቍር ይችላል። ያቀላሉ ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶችም ሜርኩሪ ያለባቸው አሉ፤ እርሱም ኩላሊትን ይጐዳል። እናቶች ሆይ፥ ሴት ልጃችሁ እንዲህ ያለውን ዕቃ በስውር ከመግዛቷ በፊት አነጋግሯት።

እኛም ለልጃችን፥ «መታጠብ ንጽሕናን ይሰጣል እንጂ ሌላ መልክ አይሰጥም፤ ነጠብጣቡ ከፀሐይ ከተከለለ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ የቀይ ዳማነትሽ ግን የሚጠፋ ጕድፍ አይደለም» አልናት። ጠርሙሱ ሲያልቅ ሌላ አልጠየቀችም፤ ገበያ ስትወጣ ግን ጃንጥላዋን አትረሳም።