ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፦ የሌሊት ወፍና የነፋስ ኃይል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ያቋረጠ መንገደኛ ደብረ ማርቆስንና ደንበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ከዚያም በማንኩሳ በኩል እስከ ቡሬ ድረስ ግራ ቀኙ በቆሎና ጤፍ፣ በየመካከሉም በርበሬ ነው። ምዕራብ ጎጃም በጎተራው የታወቀ አገር መሆኑን ለማወቅ በመኪና መስኮት መመልከት ይበቃል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከቤት ክዳን ሥርና ከዛፍ ሽንቁር እየወጡ በማሳው ላይ የሚያንዣብቡትን የሌሊት ወፎች የዚህ አገር ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። የቤት እመቤቶች ግን አይወዷቸውም። ኩሳቸው እህል ያበላሻል፣ ሽታቸውም ቤት ያውካል። ይህ ቅሬታ ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ የሌሊት ወፍ ውለታዋም ቀላል አይደለም። ስሟ ወፍ ይባል እንጂ ወልዳ ጡት የምታጠባ እናት ናት። ነፍሳት በል የሆኑት ዓይነቶች በአንድ ሌሊት የክብደታቸውን ግማሽ ያህል ነፍሳት ሊበሉ ይችላሉ፤ የምታጠባዋ ደግሞ ከዚህም ታስበልጣለች። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ በቆሎውን ባጠቃ ጊዜ፣ ገበሬው ከነቤተሰቡ ትሉን በእጁ እየለቀመ ይገድል እንደነበር አንባቢያን ያስታውሳሉ። የዚያ ትል እናት በሌሊት የምትበር የእሳት እራት ናት። የእሳት እራትን በሌሊት የሚያድን ደግሞ የሌሊት ወፍ ነው።

ከሌሊት ወፎች አንዳንዶቹ ሩቅ ተጓዦች ናቸው። የገለባ መልክ ያላት ትልቋ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ወቅትን ተከትላ የአገር ድንበር ታቋርጣለች፤ በየዓመቱም ከጥቅምት ጀምሮ በዛምቢያ ካሳንካ ፓርክ በሚሊዮን የሚቆጠሩት ይሰበሰባሉ።

እንዲህ ያሉትን ተጓዦች በየአገሩ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በመንገዳቸው ላይ ይጠብቃቸዋል። በአገራችንም በ2004 ዓ.ም. አዳማ አንድ በ51፣ በ2006 ዓ.ም. አሸጎዳ በ120፣ በ2007 ዓ.ም. አዳማ ሁለት በ153 ሜጋ ዋት ተመርቀዋል። ማገዶ ተሸክማ ወገቧ ለጎበጠ፣ በጭስ ዓይኗ ለታመመ እናት የኤሌክትሪክ ኃይል ትልቅ እፎይታ ነው። ስለሆነም ነፋሱ ይሥራ እንላለን።

ነገር ግን የሚሽከረከረው ክንፍ ጫፉ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። በአሜሪካና በአውሮፓ እንደታየው፣ ብዙዎቹ የሌሊት ወፎች የሚሞቱት ነፋሱ ላላ ባለበት ሌሊት ነው፤ እነርሱም የሚመገቧቸው ነፍሳትም የሚወጡት ያን ጊዜ ነውና። መፍትሔውም ከዚሁ ይገኛል። በሚጓዙበት ወራት ነፋሱ በሴኮንድ 5 ሜትር ያህል እስኪደርስ ክንፎቹን ማቆም ሞቱን በግማሽና ከዚያም በላይ ቀንሷል። የሚቀረው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። አለበለዚያ አብዛኞቹ በዓመት አንድ ልጅ ብቻ ስለሚወልዱ የጎደለው ቶሎ አይተካም።

በየቤታችንም ልንሠራው የምንችለው አለ። ጎተራውን በሚገባ መክደን፣ ልጆች የሌሊት ወፍን በእጃቸው እንዳይነኩ ማስጠንቀቅ፣ ግልገሎቹ አድገው ሁሉም ከወጡ በኋላ የክዳኑን ቀዳዳ መድፈን ይበጃል። በጭስ ማፈን ግን የምታጠባዋን ከነልጇ ይገድላል።

ወደፊት በጎጃም ኮረብታም ሆነ በሌላ ስፍራ ማማ የሚተክሉ ባለሙያዎች አስቀድመው የሌሊት ወፎቹን መንገድ ያጥኑ። በየምሽቱ ከደጃፏ ሆና ከየት ወጥተው ወዴት እንደሚበሩ የምታይ እናት አለችና፣ እርሷንም ይጠይቁ።