«እኔ ነኝ ያልገባኝ»

ሲያትል ውስጥ አንድን መተግበሪያ በተጠቃሚ ስንሞክር ሰውየው ይመጣል፣ ወረቀት ይፈርማል፣ ከዚያ ያሰበውን ሁሉ ጮክ ብሎ ይናገራል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «ይሄን የሠራው ሰው ራሱ ተጠቅሞበት ያውቃል?» ይለኛል። የሠራሁት እኔ ነኝ። የስጦታ ካርዱን ተቀብሎ ይሄዳል፤ እኔም ደብተሬ ሞልቶልኛል።

አምና ይህንኑ ዘዴ ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ለአንድ የገንዘብ መላኪያ መተግበሪያ። ባልደረቦቼ የሰበሰቡልኝ እህትና ወንድሞቻቸውን ነበር፤ ሁሉም ዲግሪ አላቸው፣ ሁሉም ፈጥነው ጨረሱ። ይሄ ምን ያደርግልኛል? መርካቶ ወርጄ በርበሬ የሚሸጡ እናት ለመንኩ። «የምንፈትነው እርስዎን ሳይሆን ስልኩን ነው» ስላቸው «ስልክም ይፈተናል እንዴ?» ብለው ሳቁ። «ፈተና» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ትቼዋለሁ።

እያሰቡ መናገሩ አልሆነም። ዝም አሉ። ጣታቸው «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሣጥን ላይ ቆመ፤ የአባታቸውን ይጻፉ የአያታቸውን? የልደት ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ጳጉሜን 3 የተወለደ ሰው የት ይግባ? «እንዴት ነው እማማ?» ስል «በጣም ጥሩ ነው ልጄ፤ እኔ ነኝ ያልገባኝ» አሉ። ብር ብሰጣቸው እምቢ ብለው ጭራሽ ቡና አስመጡልኝ።

የአጠቃቀም ጥናት ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. ለእንዲህ ያለ ሙከራ አምስት ሰው ይበቃል ብሎ ጽፏል። አንድ ሰው ከመተግበሪያው ችግሮች 31 በመቶውን ካሳየ፣ አምስቱ 85 በመቶ ገደማ ያሳያሉ ነው ስሌቱ። ይሉኝታ 31ዱን ወደ 10 ቢያወርደውስ? በዚያው ስሌት አምስት ሰው የሚያሳየን 41 በመቶ ብቻ ይሆናል። ሰው ከመጨመሬ በፊት ግን አጠያየቄን መለወጥ ነበረብኝ።

«ለመሆኑ ብር የሚልኩት እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«እኔ የት አውቄ፣ ልጄ ናት የምትልክልኝ።»

ለካ ተጠቃሚው ሁለት ሰው ኖሯል! በማግስቱ እናትና ልጅን ጎን ለጎን አስቀምጬ ዝም አልኩ። ለእኔ ያልተነገረው ሁሉ ለልጅ ተነገረ፦ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»፣ «ተመለሽ፣ ተመለሽ»። ልጅቷ የሚስጥር ቁጥሩን ልታስገባ ስትል እጇን ያዟት፦ «ቆይ! መጀመሪያ የሰውየውን ስም አሳይኝ። ባለፈው ለማላውቀው ሰው ሄዶብኝ የለ?»

እኛ ስሙን የምናሳየው የሚስጥር ቁጥሩ ከገባ በኋላ ነበር።