በአንዲት ተውላጠ ስም ምክንያት በቤታችን የደረሰ ነገር

የእንግሊዝኛ ሰዋስው ትምህርት አስቀድሞ የስምን ዓይነቶች ያስተምራል። ይህም ልጆችን እጅግ የሚያስቸግር አይደለም። አንኮበር የአንዲት ቦታ መጠሪያ ስለ ሆነ የተጸውዖ ስም ነው፤ ከተማ ለከተሞች ሁሉ ስለሚነገር የወል ስም ነው፤ መንጋ ብዙውን በአንድነት ስለሚጠራ የጥቅል ስም ነው፤ ሱፍ የቁስ ስም ነው፤ ትሕትና ደግሞ በዓይን ሳይታይ በልብ ስለሚታወቅ የረቂቅ ስም ይባላል። በደብረ ብርሃን የሚማረው ልጃችን ይህን ሁሉ በሚገባ አጥንቶ ስለ ነበረ ደስ ይለን ነበር።

ዳሩ ግን ተውላጠ ስም፥ ይኸውም በስም ፈንታ የሚገባው ቃል፥ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ይህንንም የተረዳነው በአንኮበር በእናታችን ቤት ነው።

ታናሽ እኅታችንን ያገባው ሰው እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው ለእናታችን በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጽፎ ላከ። ልጃችንም ሊያነብላቸው ተነሥቶ «አንቺ እንዴት ነሽ? አንቺን ለማየት እናፍቃለሁ» እያለ ተረጐመው። እናታችን ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም አሉ። ጥቂት ቈይተውም «አማቼ አንቺ ካለኝ የምመልስለት ቃል የለኝም» ብለው ደብዳቤውን አጥፈው አስቀመጡት። ልጁም «እማማ፥ መጽሐፋችን ዩ ማለት አንተ ወይም አንቺ ማለት ነው ይላል» ብሎ አለቀሰ። እኛም የሁለት ቤት ፍቅር በአንዲት ቃል ሲቀዘቅዝ አይተን አዘንን።

ይህ ችግር በዚያ አገር አዲስ አይደለም። ክራፕፍና ኢዘንበርግ የሚባሉት ሚሲዮናውያን በ1839 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ወደ ሸዋ መጥተው ነበር። ኢዘንበርግም ጀርመናዊ ሲሆን የአማርኛን ሰዋስው በእንግሊዝኛ ጽፎ በ1842 በለንደን አሳተመ። አማርኛን የሚማር እንግሊዛዊ አንዲቱን ዩ ለአንተ፥ ለአንቺ፥ ለእርስዎ፥ ለእናንተ ማከፋፈል ይገባዋል። ልጃችን ግን በዚያው መንገድ ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ ያገኘውን በር ከፍቶ ገባ።

እኛም ለእናታችን እንዲህ ስንል አስረዳናቸው። እንግሊዞች በጥንት ዘመን ለአንድ ሰው ዛው፥ ለብዙ ሰዎች ዩ ይሉ ነበር። ኋላ ግን ታላቅ ሰውን ለማክበር ብቻውንም ቢሆን በብዙ ቍጥር ዩ ይሉት ጀመር። ይህም ልማድ እየሰፋ ሄዶ ለሁሉ ስለ ሆነ ዛው ከተራ ንግግር ጠፋ። ስለዚህ ዩ በትውልዷ የአክብሮት ቃል ናት እንጂ የንቀት ቃል አይደለችም።

የእኛም ቋንቋ ከዚህ አይርቅም። «ልጆቹ መጡ» እና «አባታችን መጡ» ስንል ግሡ አንድ ነው፤ የሚከበረውን አንዱን ሰው እንደ ብዙ ቈጥረነዋልና። ልዩነቱ እንግሊዞች ሁሉን ወደ አንድ መቀመጫ ማውጣታቸው፥ እኛ ደግሞ ለየማዕርጉ መቀመጫውን መጠበቃችን ነው። ስለዚህ ተርጓሚ የቃሉን ፍች ማወቁ አይበቃውም፤ ማን ለማን እንደ ተናገረ መጠየቅ ይገባዋል። ስም ከመጽሐፍ ይገኛል፤ ተውላጠ ስም ግን የቤተ ሰብን ሥርዓት ላላወቀ ሰው አይገለጥም።

ከዚህ በኋላ ልጃችን ደብዳቤውን እንደ ገና «እርስዎ እንዴት ነዎት?» እያለ አነበበው። እናታችንም እስከ መጨረሻው ሰሙትና መልስ እንዲጽፍ ወረቀት አስመጡለት። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤

«እኔስ በእነርሱ ቋንቋ ምን እለዋለሁ?»

«ያችኑ ዩ ነዋ፥ እማማ» አላቸው።

እናታችንም ጥቂት አስበው፥ «እንግዲያማ እኔም አማቼን እርስዎ ልለው ነው። ይሁን፥ ልጄን በደኅና ከያዘልኝ ይገባዋል፤ ጻፍ» አሉ።