ጸጥ ያሰኙት ሽቦ

አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ ቤዝ ጊታር እየተጫወተ የሚተዳደር አንድ ወጣት አዝማች ሊቀበል ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ሲል ከንፈሩን ኮረንቲ ነዘረው። እጁ የጊታሩ ክር ላይ ነበር። ወደ ኋላ ተወረወረ። ታዳሚው የመድረክ ትርኢት መስሎት አጨበጨበ።

በማግስቱ አምፕሊፋየሩን ተሸክሞ ሠፈሩ ወዳለ ጠጋኝ ሄደ። እዚያ ሲሞከር ምንም አልሆነም። ቤቱ ሲጫወትበትም ሰላም ነው። ሥራ ላይ ግን አንዳንድ ማታ ይነዝራል፣ አንዳንድ ማታ አይነዝርም። ጓደኞቹ ጥፋቱን በማይኩ አሳበቡ። አዲስ ማይክ ተገዛ፤ መንዘሩ አልቀረም።

ሁለተኛው ጠጋኝ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ካቻቪቴ ከማንሳታቸው በፊት ጥያቄ ጀመሩ።

«ሲነዝርህ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር?»

«አዎ ጋሼ፣ ሁልጊዜ ሞቅ ሲል ነው።»

«ስፒናውን በየትኛው በኩል እንደምትሰካው ልብ ብለህ ታውቃለህ?»

«እሱን እንኳ አላየሁም።»

የቴስተሩን አንድ ጫፍ በስፒናው እግር፣ ሌላውን በአምፑ ብረት ላይ አደረጉ። ዝም። የሣጥኑን ጎን በካቻቪቴው እጀታ መታ መታ ሲያደርጉት ግን ቴስተሩ ጮኸ፤ ወዲያው ዝም አለ። ተከፈተ። ከፊውዙ ወደ ማብሪያው የሚሄደው ሽቦ በትራንስፎርመሩ ማሰሪያ ብረት ተጨፍልቆ ልባሱ ተልጧል። ቤዙ ሲያንቀጠቅጠው ብረቱን ይነካል። ስፒናው ደግሞ በሁለቱም በኩል ይገባል፦ በአንዱ በኩል ያ ሽቦ ፌዝ ነው፣ ሲገለበጥ ኒውትራል። ከፍ ያለ ድምፅና ያ አቅጣጫ በተገጣጠሙበት ማታ 220 ቮልት ጊታሩ ክር ላይ ይደርሳል።

ሽማግሌው ግን አልረኩም። «ሽቦው ብረቱን ሲነካ ፊውዙ ለምን አልተቃጠለም?» ብለው ስፒናውን ፈቱት። ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦ ተቆርጦ በናስትሮ ተጠቅልሏል።

ልጁ አንገቱን ደፋ። የቆረጠው ራሱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ ክለብ አምፑ ከሚክሰሩ ጋር ሲገናኝ «እምምም» የሚል ድምፅ አላስቀምጥ አለው። የመብራቱ 50 ኸርዝ በወፍራሙ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ካለው ሶል ጋር እኩል ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ዜማው ውስጥ ይገባል። አንድ ወዳጁ «መሬቱን ቁረጠው» አለው። ቆረጠው፤ ጸጥ አለ።

ያ ድምፅ የሚመጣው ሁለቱ ዕቃዎች በሁለት የተለያየ መንገድ ከመሬት ጋር ሲያያዙ ነው። ሁለቱን ከአንድ ሶኬት ማብራት ወይም በሲግናሉ መስመር ላይ ዲአይ ቦክስ ማስገባት ይበቃ ነበር። በክለቡ የሚክሰሩ ገመድ በተቆረጠው ሽቦ ፈንታ ያገለግል ነበር። አሁን በሚጫወትበት ትንሽ አዳራሽ ቤዙ ወደ ሚክሰር ስለማይላክ እሱም የለም። ወደ መሬት የሚወስደው መንገድ የልጁ ገላ ሆነ።

በዚህ ዓይነት አደጋ ሰው ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ1972 ጊታሪስቱ ሌስሊ ሃርቪ በዌልስ፣ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ከመሬት ጋር ያልተያያዘ ማይክሮፎን ነክቶ ሞተ። በ1976 የያርድበርድስ ድምፃዊ የነበረው ኪት ሬልፍ ቤቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲጫወት ኮረንቲ ገደለው።

ጠጋኙ የተላጠውን ሽቦ ሳይነኩ አስቀድመው የመሬቱን ብቻ መለሱና አብርተው ሣጥኑን መቱት። ፊውዙ ወዲያው ተቃጠለ።

«አየህ? እስከ ዛሬ ደህና ይመስል ነበር። አሁን ገና መበላሸቱን ተናገረ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የባሰው ግን የሚናገረውን ቆርጦ ጸጥታውን ጤና ማለት ነው። ይህ ደግሞ የሙዚቀኛ ጣጣ ብቻ አይደለም። ምጣዱ ሲነዝር «ጫማ አድርጊ» የሚባልበት ቤት ስንት ነው? ጫማው ምጣዱን አይጠግነውም፤ አንድ ቀን እርጥብ እጅ፣ አንድ ቀን ባዶ እግሩን የመጣ ሕፃን አይጠፋም። የነዘረ ዕቃ ይነቀል፣ ስፒናው ይፈታ፣ የመሬቱ ሽቦ መኖሩ ይታይ። ግድግዳው ውስጥ ያለው መስመር ራሱ መሬት እንዳለው ባለሙያ ይለካው።

ልጁ ዲአይ ቦክስ ገዛ። ዋጋው ከማይኩ አይበልጥም ነበር።